የአራስ ቅቤ ለፋሲካ ለቀጠረው ግብረ ኃይል

ይድረስ ለክቡር አቶ ፍቅረ ሥላሴ፣
በምግብ ላይ ባዕድ ነገር መቀላቀልን ለመከላከል በከተማችን የተቋቋመው ግብረ ኃይል ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የመላ ግብረ ኃይሉን አባላት ጤንነት፣ በተለይም የሆዳችሁን ደኅንነት፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ በቢሯችሁ በር ላይ ተለጥፎ የሰነበተው «ሰብሳቢው ለጊዜው የሉም» የሚለው ወረቀት ተነሥቶ ሳይ እፎይ ብያለሁ። እኛ በቢቸናና በሞጣ መካከል፣ መኪና ለሻይ እንኳ ብዙም በማይቆምባት ከተማ የምንኖር ሰዎች ያለን ባለሥልጣን ጥቂት ስለሆነ ጤናው ያሳስበናል።

እኔ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ያለው እባላለሁ። በስሜ ባያስታውሱኝ፣ በመጋቢት ወር በፌስታል የታሰረ ቅቤ ይዛ ቢሮዎ ልትገባ ስትል «እማማ፣ በጾም ምድር ቅቤ ይዘው አይግቡብን» ብለው በር ላይ ያስቆሟት ሴት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌም ሌላ ምክንያት የለውም፤ ፊት ለፊት ልነግርዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአቶ ጓዴ ቅቤ ከመደርደሪያ ይውረድ፤ ሌላ አራስ ሳትበላው ይውረድ። ልመናው አጭር ነው፤ ምስጋናው ግን ረጅም ስለሆነ በቁጥር እየከፈልኩ አቀርበዋለሁ። ከዚያ በፊት ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ላስረዳ።

ልጄ ስርጉት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች። አራስ አትጾምም። በዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሐኪምም፣ ጎረቤትም ይስማማሉ፤ ሦስቱ የተስማሙበት ሌላ ነገር እኔ አላውቅም። ስለዚህ ለገንፎዋ የሚሆን ቅቤ ፍለጋ ወጣሁ። አቶ ጓዴ ከመደርደሪያቸው በላይ «የሞጣ ለጋ ቅቤ» የሚል ጽሑፍ የሰቀሉ፣ ሰንበቴ የማያጓድሉ፣ ሰላምታቸው ብቻ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ነጋዴ ናቸው። ባልዲውን ከፍተው ማንኪያ ዘረጉልኝና «ይቅመሱት እንጂ እናቴ! ሳይቀምሱ አይግዙ፤ እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» አሉኝ። በሁዳዴ! ያውም እኔን! ማንኪያውን በሁለት እጄ ገፋሁት። እሳቸውም ያዘኑ መስለው ባልዲውን ከደኑት። በኋላ ጎረቤቶቼን ስጠይቅ እኚህ ሰው ጾም በሌለበት ወር አንድም ደንበኛ ቅመሱ ብለው አያውቁም።

ገንፎውን ሠራሁ፤ ሳልቀምስ። የእኛ ሴቶች ሁሉ በጾም ወራት ለአራስና ለሕፃን የሚያበስሉት እንዲሁ ነው፤ ጨውን በእጅ ግምት፣ ቅቤውን በነጋዴው እምነት። ልጄ «እማዬ፣ ሳሙና ሳሙና ይላል» ብትለኝ «የአራስ አፍ ነው፤ ብይው» ብዬ አስጨረስኳት። በዚያው ዕለት ማስመለስና ተቅማጥ ጣላት፤ ተሸክመን ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ጡቷ ደረቀ። ሕፃኗ የደረቀ ጡት እየሳበች ስታለቅስ የሰማ ሰው ለምን እንዲህ እንደምጽፍ አይጠይቀኝም። ፈርቼ ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ። ልጄንም የልጅ ልጄንም ባንድ ላይ የማጣ መስሎኝ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ተርፈዋል። ቤት ተመልሼ የተረፈውን ቅቤ ሳየው ድስቱ ላይ ነጥቶ እንደ ሻማ ደርቋል። በፌስታል አስሬ ወደ እርስዎ ያመጣሁት ያልቀለጠውን ቀሪውን ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

በመጀመሪያ የማመሰግንዎት ስለ ሃይማኖተኛነታችሁ ነው። መመሪያችሁ መመርመሪያ መሣሪያ በሌለበት ከተማ የግብረ ኃይሉ አባላት የተጠረጠረውን ምግብ ቀምሰው ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ ያዛል። ወደ ባሕር ዳር ለምርመራ የሚላከውም ናሙና የቅምሻው ቃለ ጉባኤ ካልተያያዘበት እንደማይሄድ ነገሩኝ። አባላቱ ደግሞ ሁላችሁም ጾመኞች ናችሁ። ቅቤውን በስንት ልመናዬ አስገብታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ እርስ በርስ ስትተያዩ፣ አንዳችሁም ጣታችሁን ሳታነሡ «ቀጠሮው ለፋሲካ ይሁን» ብላችሁ ስትወስኑ ነፍሴ ረክታለች። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ላይ ከአንዱ አባል ጋር ባሕር ዳር ለሥልጠና የሄደ ሰው ስለ አንድ ዓሣ ያጫወተኝን ነገር እዚህ አላነሣውም። ሱቁስ እስከዚያ ምን ይሆናል ብዬ ብጠይቅ «እማማ፣ ቅቤው ሳይቀመስ ሰውየው ጥፋተኛ አይባልም፤ ሕግ ነው» አሉኝ። ሕግ ከሆነማ ምን እላለሁ? እኔ ያመጣሁት ቅቤ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ የአቶ ጓዴ ባልዲ ክፍት ሆኖ ቀጠለ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ከልቤ ነው ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ እስከ ግማሹ። ነገሩ ሲከብድብዎት ከሞጣ ሁለት የተከበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች በቀማሽነት እንዲመጡልን ለምነው አስጠሩ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አልዋሽም። ሰዎቹም ሥራቸውን ትተው በሚኒባስ መጡ። ቢሮ ገብተው ጉዳዩን ሲሰሙ ግን ተያይተው ሳቁ። «ኧረ ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛስ ረመዳን ላይ አይደለንም እንዴ!» አሉ። በዚህ ዓመት ሁለቱ ጾሞች መገጣጠማቸውን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ግብረ ኃይሉ ግን በሥራ ብዛት ሳይሰማ ቀርቷል። ይሁንና ሰዎቹ «ለአራስ ጉዳይማ ምን ችግር አለ፤ ፀሐይ ስትገባ ስናፈጥር እንቀምስላችኋለን» ብለው ለማምሸት ፈቀዱ። እርስዎም ቢሮው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚዘጋ፣ ፀሐይዋ ደግሞ ከዚያ በኋላ እንደምትገባ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚደረግ ስብሰባም ከዞን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው በትሕትና አስረዷቸው። ፀሐይ ከመንግሥት የሥራ ሰዓት ጋር አለመናበቧ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። እንግዶቹ ተሰናብተው ሄዱ፤ አንደኛው ከሞጣ ለልጄ ቴምር ላኩላት። ቴምር የጾም ስለሆነ እኔም ቀመስኩት፤ ባዕድ ነገር የለበትም።

ሦስተኛ፣ እስከ ቤቴ ድረስ ስለ መጡ አመሰግናለሁ። «ቅቤውን የቀመሰች ሰው እኮ አለች፤ ልጄ ናት፤ እሷን ጠይቋት» እያልኩ ስለወተወትኩ፣ ከጸሐፊያችሁ ከቄስ ገብረ ማርያምና ከአንድ ሌላ አባል ጋር ሆነው ደጃችን ደረሱ። ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሣ ካህን አራስ ቤት አይገባምና ቄስ ገብረ ማርያም ከአጥር ውጪ ቆሙ፤ እሳቸውን አልወቅስም፤ ሥርዓቱ ነው። ጸሐፊው ካልገቡ ቃለ ጉባኤ አይያዝም፤ ቃለ ጉባኤ ካልተያዘ ደግሞ እርስዎ ቢገቡም ባይገቡም ያው ነው። ስለዚህ ሦስታችሁም በቄሱ ጃንጥላ ሥር ተጠግታችሁ ቆማችሁ ምርመራው በጩኸት ተጀመረ። «እመጫት! ቅቤው ምን ምን ይላል?» አሉ እርስዎ። «ሳሙና ሳሙና ይላል! ሲውጡት ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል!» አለች ልጄ ከውስጥ፣ ባላት አቅም። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የጎረቤቶቼ ውሾች ሳይቀሩ መሰከሩ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ግን «ከአጥር ውስጥ የሴት ድምፅ ተሰምቷል፤ የባለ ድምፁ ማንነት ሊረጋገጥ አልቻለም» የሚል ሆነ።

ልጄ ደጅ ወጥታ ትታይ እንዳይባል፣ ሴት የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ክርስትና አታስነሣም፤ ስርጉትም እስከዚያ ከሕክምና በቀር ከቤት አትወጣም። እርስዎ ይህን ሲሰሙ ራስዎን ነቅንቀው «ወንድ ቢሆን ኖሮ በአርባ ቀኑ፣ ከፋሲካ በፊት እንጨርሰው ነበር» ያሉትን አልረሳሁም። የልጅ ልጄ ሴት ሆና በመወለዷ ብቻ የመንግሥትን ምርመራ ያደናቀፈች ዜጋ ሆናለች። ገና ስም አልወጣላትም፤ ጥፋት ግን አላት።

አራተኛውን ምስጋና ስጽፍ እጄ ስለሚከብደኝ ቶሎ ልለፈው። ግብረ ኃይሉ ሥራ አልሠራም የሚሉ አሉባልተኞች አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። በዚህ ዓመት አንዲት ነጋዴ ከሳችኋል፤ ሱቋንም አሽጋችኋል፤ የገበያው ድምፅ ማጉያም «ባዕድ ነገር ስትቀላቅል የተገኘች ነጋዴ በሕግ ተጠያቂ ሆነች» እያለ ሲለፍፍ ውሏል። ነጋዴዋ አየሁሽ ናት፤ በገበያው ጥግ ጠባብ ሱቅ ያላት፣ አቅም ለሌለው ሰው ቅቤን ከረጋ ዘይት ጋር ቀላቅላ የምትሸጥ ሴት። ወንጀሏ እንዴት እንደታወቀ ለአንባቢ መናገር አለብኝ፤ ራሷ ስለተናገረች ነው። ለገዢ ሁሉ «ይኼ ግማሹ ዘይት ነው፤ ለወጥ ይሆናል፤ ለአራስና ለሕፃን እንዳትሰጡት» ትላለች። እኔም በዚያ ቀን መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ዘንድ ነበር፤ «እትዬ፣ ለአራስ ከሆነስ የኔን አልሸጥልዎትም፤ ንጹሕ ይፈልጉ» ብላ መለሰችኝ። ንጹሕ ፍለጋ ነው አቶ ጓዴ ቤት የደረስኩት። እሷ ስላመነች ቅምሻ አላስፈለጋትም፤ ጾሙም አላገዳችሁም፤ ጉዳይዋ ባንድ ጠዋት አለቀ። ባሏ የሞተባት፣ በዚያች ሱቅ የምትኖር ሴት ናት። እዚህ ላይ መሳለቅ አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያናድዳል። የደበቀው እየሸጠ፣ ያልደበቀችው ተዘግቶባት ቁጭ ማለቷ ያንገበግበኛል።

ወደ ደስ የሚለው ልመለስ፤ ስለ ፋሲካው ቅምሻ።

ከበዓሉ በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ግብረ ኃይሉ ተሰበሰበ። ስብሰባ ቀርቶ የማያውቅ አባል የለም ተብሎ የሚታማው ግብረ ኃይል በዚያን ቀን አንድ ሰው አልጎደለበትም፤ በጡረታ የተሰናበቱት እንኳ መጥተዋል። እኔ እንደ አመልካች በር አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ። ቅቤው ከቁምሳጥን ወጣ። ቅቤ ባዶውን አይቀመስም ተባለና እንጀራ መጣ። እንጀራም ብቻውን ጣዕም አያሳይም ተባለና ዱለት ታዘዘ። ዱለቱ ላይ ማስረጃው በማንኪያ ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የሕግ ቃል የተናገረ ሰው አልሰማሁም።

አልፈርድባችሁም። ያን ሁሉ ሳምንት በሽሮና በጎመን ለሰነበተ አፍ ቅቤ የሚመስለው ነገር ሁሉ ቅቤ ነው። እርስዎም ጣትዎን እየጠረጉ «እማማ፣ ይኼማ የለየለት የሞጣ ቅቤ ነው፤ ያለ ነገር ሰው አስወቀሱን እኮ!» አሉኝ። ቄስ ገብረ ማርያም ብቻ «እኔስ እንጃ፣ ከላንቃዬ አልላቀቅ ብሎኛል» ብለው ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። ቅቤው በሙሉ ድምፅ ሊባል በቀረበ ውሳኔ ንጹሕ ተባለ። ለባሕር ዳር የሚላክ ናሙና ይቀመጥ ብዬ ብነሣ ፌስታሉ ባዶ ነበር። የተከሰሰ ሰው ማስረጃ ሲያጠፋ ሰምቻለሁ፤ መርማሪው ማስረጃውን በዱለት ሲበላ ግን ያየሁት በዚያን ቀን ነው።

በማግስቱ ከአባላቱ መካከል ቢሮ የገባ አልነበረም። ልጄን ያከመችው ነርስ ከጠዋት እስከ ማታ ፋታ አጥታ ዋለች፤ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር በግብረ ኃይሉ ተሞላ። እኔም ጠያቂ መስዬ መጣሁና «አሁንስ አመናችሁኝ?» አልኩ። እርስዎ ሆድዎን ይዘው «እማማ፣ የፋሲካ ሆድ ነው፤ ከጾም ወጥቶ ያልታመመ ሰው የት አለ?» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ በፋሲካ ማግስት አገሩ ሁሉ ሆዱን ያመዋል። አቶ ጓዴ በጾም አይቀመስባቸውም፤ በፍስክ ደግሞ ሕመሙ በበዓሉ ይሳበባል። ከዚህ የበለጠ ጠበቃ ገዝቶ የሚያገኝ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ውሳኔያችሁን ከነማኅተሙ በመስታወት አስገብተው ከባልዲው በላይ ሰቅለውታል፤ ገበያቸውም ከድሮው ደርቷል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ቀልዱን እዚህ ላቁመው። ዛሬ ግንቦት ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የሞጣዎቹም ሰዎች ጾማቸውን ከፈቱ ሰነበቱ። የሚያግድ ቀን የለም፤ የተራበም አፍ የለም። ባልዲው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ጠግባችሁ ሂዱና ቅመሱት፤ ከተቀመሰውም ለባሕር ዳር ላኩት። ሰኔ ሲመጣ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ አቶ ጓዴም ማንኪያቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ ለምጥ የደረሱ ሴቶች ደግሞ በየሰፈሩ አሉ። የሁሉም እናት ሳትቀምስ ነው የምታበስለው። የእኔ ልጅ ተርፋለች፤ የሚቀጥለዋ ትተርፋለች ብሎ የሚፈርምልኝ ካለ ደብዳቤዬን እቀድደዋለሁ። የአየሁሽንም ሱቅ ክፈቱላት። በዚህ ከተማ የሸጠችውን ነገር በስሙ የጠራች ነጋዴ እሷ ብቻ ናት።

የቢሮዎ በር ለባለጉዳይ ክፍት፣ ስብሰባዎ አጭር፣ ቁምሳጥንዎ ከቅቤ ነፃ እንዲሆን እየተመኘሁ፤ ለጸሐፊውም ለቄስ ገብረ ማርያም ስለ ላንቃቸው እውነተኛነት የተለየ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፤ በአጥር ሥር ስለቆማችሁበት ፀሐይ፣ በጤና ጣቢያ ወንበር ስለተቀመጣችሁበት ጊዜና ስለ ሕዝብ ጤና ስለከፈላችሁት የሆድ መሥዋዕትነት ደግሜ ደጋግሜ ምስጋናዬን እያደረስኩ እሰናበታለሁ።

ሳትቀምስ አብስላ ልጇን ያበላች እናት፣
ፀሐይነሽ ያለው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ባለቤትዎ ወይዘሮ ትህትና በሰላም መገላገላቸውን ሰማሁ። እንኳን ማርያም ማረቻቸው። የሰፈር ሴቶች ሆነን ልንጠይቃቸው ስንነሣ፣ የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት ቅቤ እያለ ሌላ መግዛት ነውር ነው ብለን ከአቶ ጓዴ ገዝተን ይዘን ሄድን። ወይዘሮ ትህትና የዋህ ሴት ናቸው፤ ዕቃውን አይተው ፊታቸው ተለወጠና «እባካችሁ አትቀየሙኝ፤ የጓዴን ቅቤ ከቤት እንዳታስገቢ ብሎኛል፤ የኔን ከመርጡለ ማርያም ከእናቱ ቤት አስመጥቶልኛል» አሉን። አልተቀየምናቸውም፤ ባል ለሚስቱ እንዲህ ሲያስብ ማየት ደስ ይላል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ ለእርስዎ ሚስት የማይሆነው ቅቤ ለእኔ ልጅ እንዴት ሆነ? መልሱን በጽሑፍ አልፈልግም፤ ባልዲው ከዚያ ሱቅ ሲወጣ ካየሁ ይበቃኛል።